ግልጽ ደብዳቤ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፦ በልጆቻችን ፊት ስለሚጠየቀው ጥያቄ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

የአዳማ ከተማ ነዋሪና የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ እናት ነኝ። ልጄን ያገኘሁት በጉዲፈቻ ሲሆን፣ አዲስ አበባ እንኖር በነበረበት ጊዜ፣ እሱ አራት ዓመት ሞልቶት ሳለ፣ ፍርድ ቤት ውላችንን አጽድቆልናል።

ባለፈው ክረምት ለልጄ አንድ ማስረጃ ለማውጣት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አብረን ሄድን። ወረፋው ደርሶን የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር በመስኮቱ ሳስገባ፣ ሠራተኛው ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየውና ከኋላችን የቆሙት ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ «እውነተኛ እናቱ የት ናት?» አለኝ። ልጄ እጄን ይዞ ቆሞ ነበር። በባጃጅ ስንመለስ ፍራንኮ እስክንደርስ ድረስ ምንም አልተናገረም፤ ከዚያ ግን «እማዬ፣ ያ ወረቀት ከጠፋ እናቴ መሆንሽ ይቀራል?» ብሎ ጠየቀኝ።

አይቀርም አልኩት። ይህንንም ያልኩት ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። ውላችን የጸደቀበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጉዲፈቻ ልጅ የጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ሆኖ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። በአንቀጽ 195 መሠረትም ጉዲፈቻ በመርህ ደረጃ አይፈርስም፤ ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው የሚችለው አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ በመንከባከብ ፈንታ እንደ ባሪያ ሲይዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ሲያኖረው ነው። ሕጉ ልጁ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለውን ትስስርም አይቆርጥበትም። እኛም አልቆረጥነውም፤ በየዓመቱ ለፋሲካ አያቱን እንጠይቃለን፣ እንዴት ወደ ቤታችን እንደመጣም ልጄ ያውቃል። ስለዚህ ቅሬታዬ ምስጢር ወጣብን የሚል አይደለም። የሚያውቀውን ታሪክ፣ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት፣ እናትነቴን በሚያጠራጥር ቃል ስለሰማው ነው።

ጉዲፈቻን ስናጸድቅ ዳኛዋ ልጄን ወደ ጽሕፈት ቤታቸው አስገብተው፣ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ከእኔ ጋር መኖር ይፈልግ እንደሆነ በለሆሳስ ጠይቀውት ነበር፤ እሱም የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ራሱን ነቀነቀ። ሕጉ የልጁ አስተያየት እንዲታይ ስለሚያዝ መጠየቃቸው ግዴታቸው ነበር፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚጠየቅ ያውቁ ነበር። ሰነድ መመርመር እንደሚገባ አምናለሁ፤ ልጆች እንዳይሰረቁና እንዳይሸጡ የሚጠብቃቸው ይኸው ምርመራ ነውና ማንም ሠራተኛ እንዲተወው አልፈልግም። ሆኖም ምርመራው በወረቀቱ ላይ ሊካሄድ ይችላል። ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ከልደትና ከጋብቻ ጋር የሚመዘገብ ኩነት ሆኖ ሳለ፣ የጎደለ ነገር ቢኖር እንኳ ወላጁን ለብቻው ጠርቶ መጠየቅ ይቻላል።

ሀገራችን በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን ስታስቀር ልጆቻችን በሀገራቸው፣ በወገናቸው መካከል ይደጉ ማለቷ ነበር። ውሳኔውን የደገፍን ወላጆች በራችንን ከፍተናል። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል የመጣው ከአፋን ኦሮሞ ነው፤ እኔ በምኖርበት አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች በጉዲፈቻ የገባን ልጅ ከተወለደው ለይተው አይጠሩትም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 መንግሥት ወላጅ አልባ ሕፃናት በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሁኔታ የሚያመቻቹ ተቋማት እንዲመሠረቱ እንዲያበረታታ ያዛል። እኔ ግን ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ከሰጠኝ ቀን ወዲህ ልጄን ስለ ታሪኩ እንዴት ላናግረው እንደሚገባኝ የሚያማክረኝ ሰው አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ጎረቤቶቼንና የራሴን ግምት ነው።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ከክልሎች ጋር ተመካክሮ፣ በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ጉዳይ በሚስተናገድበት መስኮት ሁሉ ሠራተኞች ስለ ልጁ ትውልድ በልጁ ፊት እንዳይጠይቁ የሚያስገድድ የአሠራር መመሪያ እንዲያወጣ፣ «እውነተኛ እናት» የሚለው አነጋገርም ከመሥሪያ ቤቶች እንዲቀር እጠይቃለሁ። ጉዲፈቻ ከጸደቀ በኋላም ቤተሰቡን ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት እየጎበኘ የሚያማክር ባለሙያ ይመደብልን።

በመጪው መስከረም ልጄን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ። ያንኑ ውሳኔ ይዤ እሄዳለሁ፤ እሱም አብሮኝ ይመጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከአዳማ