የትኛው አከራይ ነው 2 ወር ብቻ የሚጠይቀው?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አንብቤዋለሁ። ፎቶዎቹ ያምራሉ። እንደተደከመበትም ያስታውቃል። አንዷ አረፍተ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለች። የኪራይ አዋጁ ከወጣ ወዲህ አከራዮች ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቃቸው ቀርቷል፣ በተለይ አዲስ ሥራ የያዙ ወጣቶች እፎይ ብለዋል ትላለች።

አዲስ ሥራ የያዘች ወጣት ማለት እኔ ነኝ። በ2017 ተመረቅኩ። የመውጫ ፈተናውን አለፍኩ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሒሳብ ክፍል ተቀጠርኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሁዴን የማሳልፈው ከደላላ ጋር ነው። እፎይ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም። 2 ወር ብቻ የጠየቀኝ አከራይም እስካሁን አላጋጠመኝም። ዘጋቢያችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካገኘ ስልኩን ይላክልኝ። ለደላላ የምከፍለውን ለእሱ እሰጠዋለሁ።

ስለ አዋጁ ይዘት የጻፋችሁት ትክክል ነው፤ እሱን አልክድም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም ይላል። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ክፍያው በባንክ ይሁን ይላል። ኪራይ የሚጨመረውም በዓመት አንዴ፣ መንግሥት በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው። ጥሩ አዋጅ ነው። ችግሩ ዘጋቢያችሁ አዋጁን አንብቦ፣ የተጻፈው ሁሉ መንደር ውስጥ የሚደረግ መስሎት መጻፉ ነው። ሕግ ስለከለከለው ቀርቷል ካልን፣ ታክሲ ውስጥ ትርፍ መጫንም ቀርቷል።

መንደር ውስጥ የሚደረገውን እኔ ልንገራችሁ።

ቤቷ ጀሞ ናት። ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራች ሰርቪስ። አልጋ ከገባ ሰው ይወጣል፣ ሰው ከገባ አልጋ ይወጣል። ግድግዳው ለእይታ ቀለም ተቀብቷል፤ ከቀለሙ ሥር ግን እርጥበቱ ገፍቶ አብጧል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ረገፈ። ደላላው በዓይኑ ቆጣኝ። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ እያንዳንዱ ተከራይ በሩ ላይ ጀሪካን ደርድሯል፤ በየጀሪካኑ ላይ ስም ተጽፏል። ቆጣሪው አንድ ነው። ስለዚህ ምጣድ አይቻልም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ አይቻልም፣ ካውያ በሳምንት አንዴ፣ እሱም አስፈቅዶ። የግቢው በር ማታ 2 ሰዓት ተኩል ይቆለፋል።

አከራይዋ ክፉ ሰው አይደሉም። ቡና አፍልተው ጠበቁን።

«ልጄ፣ ባል አለሽ?»

«የለኝም እትዬ።»

«እጮኛስ?»

«እሱም የለም።»

«ጥሩ። እዚህ ከገባሽ በኋላም እንዳይኖር።»

ዋጋው በወር 7,000 ብር፣ ቅድሚያ የ6 ወር ነው አሉኝ። እንደምንም ደፍሬ፣ «እትዬ፣ አዋጁ እኮ 2 ወር ነው የሚለው» አልኳቸው። ሴትዮዋ ሳቁ። የንቀት ሳቅ አልነበረም፤ ልጅ ሞኝ ነገር ሲናገር እንደሚሳቀው ነው።

«እሱንማ ውሉ ላይ እንጽፈዋለን» አሉኝ።

ቀሪውን ያስረዳኝ ደላላው ነው። ወረዳ የሚመዘገበው ውል ላይ ኪራዩ 3,500 ብር፣ ቅድሚያውም የ2 ወር ተብሎ ይጻፋል። ያ በባንክ ይገባል። የቀረው እጅ በእጅ ነው፤ ደረሰኝ የለውም። «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው፤ አንቺ አሁን ካላስያዝሽ 9 ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ይመጣል» አለኝ። ያ የ9 ሰዓት ሰውዬ በሄድኩበት ሁሉ ይከተለኛል። አንድ ቀን በአካል ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

ዘጋቢያችሁ ልብ ያላለው እዚህ ጋ ነው። ያነጋገረው ኃላፊ፣ የተመዘገቡ ውሎችን አይተናል፣ ከ2 ወር በላይ የሚል የለም ብሏል። ይሄማ እውነት ነው! እንዴት ሊኖር ይችላል? ከተፈቀደው በላይ ተቀብያለሁ ብሎ ወረዳ ሄዶ የሚያስመዘግብ አከራይ አለ እንዴ? ያንን ቤት ይዤው ቢሆን ኖሮ እኔም ፋይሉ ውስጥ እገኝ ነበር፤ በ3,500 ብር የምኖር፣ አዋጁ የጠቀመኝ ደስተኛ ተከራይ ሆኜ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ንጹሕ የሆነው ግን እኛም ስለምንፈርምበት ነው።

ለምን አትከሱም ትሉ ይሆናል። ቤት ውስጥ ያለው ከከሰሰ ከአከራዩ ጋር በአንድ ግቢ መኖሩ አበቃ። በሩ፣ ውሃው፣ መብራቱ በማን እጅ እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ወጥቶ ሌላ ቤት ሲፈልግ ደግሞ የ6 ወሩ ብር እንደገና ይጠብቀዋል። እንደ እኔ ገና ለብቻው የሚሆን ቤት ያላገኘው ጭራሽ በምን ማስረጃ ነው የሚከሰው? ውል የለኝ፣ ደረሰኝ የለኝ። ያለኝ የደላላው ስልክ ብቻ ነው፤ እሱም አሁን አያነሳልኝም።

አሁን ደግሞ ወደ ሒሳቡ እንሂድ፤ ሙያዬ ነው። መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ መነሻ ደመወዝን ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አሳድጎታል። ይህን ዘገባችሁም ጠቅሶታል፤ «አቅማቸው ተሻሽሏል» ብላችሁ። ከ11,500 ላይ የሥራ ግብር 2,100 ብር ይቆረጣል። የጡረታ 7 በመቶ 805 ብር ነው። እጄ የሚገባው 8,595 ብር ነው። የጀሞዋ ሰርቪስ የ6 ወር ቅድሚያ 42,000 ብር ይመጣል። ሳልበላ፣ ሳልጠጣ፣ ታክሲ ሳልሳፈር የአምስት ወር ደመወዜ ነው። እሺ፣ አከራይዋ አዋጁን አክብረው 2 ወር ብቻ ተቀበሉ እንበል። 14,000 ብር ነው። ደላላው አለ፣ ፍራሽ አለ፣ ጀሪካን አለ። ሕጉ ቢከበር እንኳ ለጀማሪ ሠራተኛ ከባድ ነው። የትኛውን እፎይታ እንዳያችሁ ግራ ገብቶኛል።

አከራይዋንም ልረዳቸው እሞክራለሁ። ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያልጨመረ ነገር የለም። ባለቤታቸው ጡረተኛ ናቸው። በ2 ዓመት ውል ከታሰሩ በኋላ እንደልብ መጨመር እንደማይችሉ ያውቃሉ። ስለዚህ የነገውን ጭማሪ ዛሬ በር ላይ ይቀበላሉ። ቤት ውስጥ ያለውም ተከራይ ቢወጣ ምን እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ አይንቀሳቀስም። እኔም ብሆን አልንቀሳቀስም። የሚለቀቅ ቤት ያንሳል፤ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሳው ተከራይም የሚፈልገው እኛ የምንፈልጋትን አንዲት ክፍል ነው። የዚህ ሁሉ ዕዳ የሚያርፈው ገና ከውጭ በሚመጣው ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣው ደግሞ የተመረቀው፣ አዲስ የተቀጠረው፣ ከክፍለ ሀገር የገባው ነው።

እናንተ ያነጋገራችሁት ግን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ 5 ዓመት የኖሩትን ቤተሰብ ነው። እግዚአብሔር ይጨምርላቸው። ኪራያቸው በየጊዜው አለመናሩ በጣም ጥሩ ነገር ነው። እነሱ ግን ውስጥ ናቸው! አዲስ ተመራቂ እፎይ አለ ብሎ ለመጻፍ አንድ አዲስ ተመራቂ መጠየቅ ያን ያህል ከባድ ነበር? በየካፌው፣ በየታክሲው ሰልፍ አለን። ተሰውረን አይደለም።

ምክራችሁ ደግሞ የባሰ ነው። ወጣቶች በመንግሥት የቤት ልማት ፕሮግራም እየቆጠቡ ቢጠብቁ ትላላችሁ። የ20/80 እና የ40/60 ኮንዶሚኒየም ምዝገባ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ነው። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው መሰለኝ፤ በእረፍት ሰዓት ብስኩት ከምገዛ ንግድ ባንክ ሄጄ ለባለ አንድ መኝታ መቆጠብ ነበረብኝ። ያኔ የተመዘገቡት ራሳቸው ብዙዎቹ ዛሬም ዕጣ እየጠበቁ ነው። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰርዞ፣ በ2015 እንደገና መውጣቱን የዘገባችሁልን እናንተው አልነበራችሁም?

ሌላው ምክር ከመሃል ከተማ ትንሽ ወጣ ማለት ነው፤ ኮየ ፈጬን ለምሳሌ ጠቅሳችኋል። አንዴ ጓደኛዬ ጋ ኮየ ፈጬ አድሬ ሥራ ገብቻለሁ። ገና ሳይነጋ ወጥተን ሰልፍ ስንይዝ ከፊታችን የነበረውን ሰው ብታዩት «ትንሽ ወጣ» አትሉም ነበር። ኪራዩ የሚቀንሰውን ታክሲው ይበላዋል። ሥራ ቦታ ስደርስ ደግሞ ፊርማው ተነስቶ ነበር።

«ተጋርተው ይኑሩ» የምትለዋን ሳልጨምር ባልፍ ደስ ባለኝ። ሳናስበው የቀረን መሰላችሁ? አሁን አየር ጤና አንዲት ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ነው ያለነው። አከራያችን የሚያውቁት ሁለታችንን ነው። ሦስተኛዋ ለእሳቸው ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጣች የእህታችን ልጅ ናት፤ ሕክምናው ትንሽ ረዘም ብሏል። እውነቱን ብንናገር በሰው ቁጥር ይጨመርብናል፤ ውሃውም መብራቱም በነፍስ ወከፍ ነው የሚታሰበው። መፍትሔ ብላችሁ ያቀረባችሁልን፣ እኛ ማምለጥ ስላቃተን የምንኖረውን ኑሮ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ዘጋቢያችሁ እንደገና ይሥራው። ጋዜጠኛ ነኝ ሳይል፣ አዲስ የተቀጠርኩ ነኝ ብሎ ለአንድ ደላላ ይደውል። ጀሞም ይሂድ፣ አያትም ይሂድ፣ የፈለገው ጋ። 11,500 ብር ደመወዝተኛ ነኝ ይበል። ስንት ወር እንደተጠየቀ፣ ውሉ ላይ ስንት እንደተጻፈ፣ እጅ በእጅ ስንት እንደሰጠ ይጻፍልን። ለሰጠው ደረሰኝ ካገኘ ደግሞ የደረሰኙን ፎቶ ፊት ገጽ ላይ አውጡት።

ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል። እባካችሁ እንዳታወጡት፤ አከራያችን ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ ይገዛሉ።

ከአየር ጤና