ብል ስለበላው ምንጣፍ ልጠይቅሽ

አንቺ የመንዝ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? መልእክቶችሽ ሁሉ ደርሰውኛል። መጀመሪያ ሳልመልስ ቆየሁ፣ ከዚያ መቆየቱ አሳፈረኝ፣ እፍረቱ ደግሞ የባሰ አቆየኝ። በቃ ይቅር በይኝ። ስድቡን በስልክ ታወርጂብኛለሽ፤ አሁን ጉዳይ አለኝ።

እዚሁ ጆርጂያ፣ ትብሊሲ ነኝ። ሥራው ደህና ነው። ምንጣፍ ገዛሁ። አትሳቂ! አዎ፣ ያ ሁሉ ዓመት ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቼ ስተኛ የምታውቂኝ እኔው ነኝ።

የገዛሁት ደረቁ ድልድይ ከሚሉት ገበያ ነው፤ የሶቭየት ሜዳሊያና አሮጌ ካሜራ መሬት ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጥበት። ዓይነቱ ካዛክ የሚባለው የካውካሰስ ምንጣፍ ነው። ሻጩ ከትብሊሲ በስተደቡብ ካለው ከቦርቻሎ አገር የመጣ ነው አለኝ። ሻጭ ምን የማይለው አለ? እኔ ግን ገልብጬ ጀርባውን ሳየው አለቀልኝ። እያንዳንዷ ቋጠሮ ሁለት የድር ክር አቅፋለች፣ ጫፎቿ በመሃል ወደ ፊት ወጥተዋል። ድሩም ማጉም ጸጉሩም ሱፍ ነው፣ ጥጥ የሚባል የለበትም። ማጉ ደግሞ ቀይ! ማን ያየዋል ብላ ነው ሴትየዋ ውስጥ የሚቀረውን ክር የነከረችው?

ሴትየዋ የምልሽ ሽመናው እዚህ የሴት ስለሆነ ነው። እናንተ ጋ እናትሽ ትፈትላለች፣ ባናውን የሚሸምነው አባትሽ ነው። እዚህ ፈታይዋም ሸማኔዋም እሷው ናት። ወደ ካስፒያን ባሕር በኩል ያሉት የአዘርባጃኖቹ ኩባና ሺርቫን ምንጣፎች ደቃቅ ናቸው፣ ጸጉራቸው አጭር ተደርጎ የተቆረጠ፣ ጌጣቸው ጥቅጥቅ ያለ። የኔው የደጋ ነው። እንዳንቺ ወፍራምና ግትር።

የማን ጥበብ ነው ብለሽ ግን እንዳትጠይቂኝ። አርመኑም አዘሪውም የኛ ነው ይልሻል። አዘርባጃን እ.ኤ.አ. በ2010 የምንጣፍ ሥራዋን ዩኔስኮ ላይ አስመዝግባለች፤ ባኩ ያለው የምንጣፍ ሙዚየምም ሕንፃው ራሱ የተጠቀለለ ምንጣፍ ነው የሚመስለው። አርመኖቹ ደግሞ ለዘመናት የቆዩትን ባለ ዘንዶ ምንጣፎች ይጠቅሱልሻል። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ከጎረቤቷ ጌጥ ያልሰረቀች ሸማኔ በዚህ አገር የነበረች አይመስለኝም።

ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። አንዱን ጠርዝ ብል በልቶታል፣ መዳፍ ያህል። ድሩ ሳይቀር ተበጥሷል። የሚጠግን ሰውዬ አግኝቻለሁ፤ አዲስ ድር ስቤ እንደ ድሮው እቋጥረዋለሁ ይላል። ዋጋውን አልነግርሽም፣ ትጮሂያለሽ። ያስቸገረኝ ግን ዋጋው አይደለም። ቀዩ መደብ ከላይ እስከ ታች አንድ አይደለም፤ ከመሃል አለፍ ሲል ድንገት ደብዘዝ ብሎ የጡብ ቀለም ይሆናል። የነከረችው ክር አልቆባት ሌላ ነክራ ቀጥላለች ማለት ነው። አብራሽ ይሉታል። ቀዩ ማደር ከሚባል ተክል ሥር ነው የሚወጣው፣ ሁለቴ ነክረሽ ያንኑ ቀለም አታገኚም። እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸሁበት፣ ጠብ ያለ ቀለም የለም። ሰውዬው ታዲያ «እግረ መንገዴን ቀዩንም አንድ ዓይነት ላደርገው እችላለሁ» አይለኝም! እሺ ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ቀዩን እንዳይነካ ወስኛለሁ። ግን ብል የበላው ልክ ሁለቱ ቀዮች የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። በየትኛው ቀይ ይቋጥረው? ወይስ እንዳይተረተር ብቻ ጠርዙን አስሮ ይተወው? ሌሊት ተነስቼ መብራት አብርቼ አየዋለሁ። እብደት ነው፣ አውቃለሁ።

እናትሽን ጠይቂልኝ። ባና ሲበሳ አዲስ ሱፍ ታስገባበት ነበር ወይስ እንዲሁ ትሰፋው? ለብሉስ ምን ታደርጋለች? አንዱ ፍሪዘር ውስጥ ክተተው አለኝ። የኔ ፍሪዘር አንድ ዶሮ አይችልም።

ሌላም ልጽፍልሽ ነበር፣ ስለ... ተይው፣ እሱ በድምፅ ይሻላል። ያንን የደብረ ብርሃኑን ነገር ግን አታንሺብኝ፤ እኔም አላነሳብሽም።

ፎቶ ልኬልሻለሁ። ለእናትሽ ፊቱን ትተሽ ጀርባውን አሳያት። ሰውዬው ቅዳሜ መልስ ይፈልጋል።