ዋጋው ከመጠየቁ በፊት «ስንት ትኬት ነው?» ይባል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ትላልቅ በዓላት ሲቃረቡ ስለ አየር ትኬት የሚጻፈውም የሚወራውም አንድ ነው፤ ዋጋ ጨምሯል፣ ቀድማችሁ ግዙ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። በዚህ ሰሞን መንገደኛውን ለከባድ ወጪ የሚዳርገው ዘግይቶ መግዛቱ ብቻ አይደለም። የገዛው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ መክፈሉም ነው። በርካሽ ዋጋ የቀረበለት ጉዞ አንድ ትኬት ነው ወይስ የተገጣጠሙ ሁለትና ሦስት ትኬቶች? ከአየር ማረፊያው እስከ መጨረሻው መድረሻ ያለው መንገድስ ከሒሳቡ ገብቷል? በትኬት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በየበዓሉ የምናየው ጉዳት በአብዛኛው እነዚህን ጥያቄዎች ካለመጠየቅ የሚመጣ ስለሆነ፣ ለአንባቢዎቻችሁ ይጠቅማል ያልነውን ጽፈን ልከናል።

በቅድሚያ ስለ ዋጋው። በአንድ አውሮፕላን ኢኮኖሚ ክፍል ውስጥ ያሉ ወንበሮች በአንድ ዋጋ አይሸጡም። አየር መንገዱ በፊደል የሚለዩ የዋጋ ደረጃዎች አውጥቶ ለእያንዳንዱ ደረጃ የተወሰነ ወንበር ይመድባል፤ ርካሹ ሲያልቅ ቀጣዩ ይከፈታል። ጠዋት የታየው ዋጋ ማታ ጨምሮ የሚገኘው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዴ ደግሞ የዋጋ ማነጻጸሪያው ገጽ ቀደም ብሎ ያስቀመጠውን፣ አሁን የሌለ ዋጋ ስለሚያሳይ ነው። «ማክሰኞ ሌሊት ከገዛችሁ ይረክሳል» የሚባለውን ግን አትመኑት።

ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህ አሠራር ብዙ ገንዘብ ነው። በርካሹ ደረጃ የቀሩት ሁለት ወንበሮች ብቻ ከሆኑ፣ ለአራት ሰው ሲጠየቅ ሲስተሙ በአብዛኛው አራቱንም በውዱ ደረጃ ያሰላቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ ቀጥሎ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ፈልጎ በነፍስ ወከፍ የሚመጣውን ዋጋ ማነጻጸር ነው። ልዩነት ካለ ሁለት ሁለት አድርጎ መግዛት ይቻላል። የሚያስከትለው ችግር አለ፦ ሁለት የቡኪንግ ቁጥር (ጉዞው የተመዘገበበት መለያ) ስለሚኖር፣ በረራ ቢሰረዝ ቤተሰቡ በተለያየ አውሮፕላን ሊመደብ ይችላል። ከግዢው በኋላ ወደ አየር መንገዱ ደውሎ አብረው እንደሚጓዙ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ልጆች ግን ምንጊዜም ቢያንስ ከአንድ ወላጅ ጋር በአንድ ቁጥር ላይ ይሁኑ።

ብዙዎቹ ትላልቅ አየር መንገዶች ወንበር ለሽያጭ የሚከፍቱት ከበረራው 11 ወር ገደማ ቀደም ብለው ነው። የመጀመሪያው ቀን ዋጋ ርካሹ ነው ማለት ግን አይደለም። ለበዓል ጉዞ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ዋጋው ሲለወጥ መልእክት እንዲደርስ በዋጋ ማነጻጸሪያ ገጽ ላይ መመዝገብ፣ የመስመሩን የተለመደ ዋጋ ማወቅ፣ ከዚያም «እዚህ ሲደርስ እገዛለሁ» ብሎ ወስኖ መጠበቅ ይሻላል። በመጨረሻው ሳምንት ይወርዳል ብሎ መጠበቅ በሌላ ወቅት አንዳንዴ ያዋጣ ይሆናል፤ በበዓል ግን አያዋጣም። አውሮፕላኑ እንደሚሞላ የሚያውቅ አየር መንገድ የመጨረሻዎቹን ወንበሮች ለቸኮለና ለተገደደ ሰው በውድ ያስቀምጣቸዋል።

ቀን መምረጥ ላይ የመሄጃው ቀን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውም ይታሰብበት። ሁሉም ሰው ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ መመለስ ስለሚፈልግ፣ መመለሻውን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማዘግየት ብዙ ጊዜ የመሄጃውን ቀን ከመቀየር የበለጠ ይቆጥባል። የኢድ በዓላት ቀን በጨረቃ መታየት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በዚያ ሰሞን የሚጓዝ ሰው ቀን መቀየር የሚፈቅድ ትኬት ቢገዛ ይሻላል፤ በመጨረሻ የሚጨመረው አንድ ቀን በቅጣት ከትኬቱ ልዩነት በላይ ሊያስከፍል ይችላል። በዓሉ በዋለበት ዕለት መብረርም ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ የዲሴምበር 25 ጠዋትና የጃንዋሪ 1 በረራዎች ከዋዜማው ሲወርዱ ይታያል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ መሬት ላይ ሲደርስ ሊጠፋ ይችላል። በብሪታንያ ዲሴምበር 25 የአገር አቀፍ ባቡር አይሠራም፤ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡርም እንዲሁ። በዚያ ቀን በለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ ወርዶ ወደ ሌላ ከተማ መቀጠል የፈለገ ሰው የሚያገኘው ጥቂት የረጅም ርቀት አውቶቡስ ወይም ታክሲ ነው፣ ካልሆነም ሆቴል ይይዛል። ከገና በኋላ ባሉት ቀናትም የሐዲድ ጥገና ስለሚበዛ መስመር ይዘጋል። በአውሮፓ ደግሞ የባቡር የጊዜ ሰሌዳ በየዓመቱ የሚቀየረው በዲሴምበር ሁለተኛ ሳምንት መጨረሻ ላይ በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ያሉ ቀናት ባቡሮች ለሽያጭ ሳይከፈቱ ሊዘገዩ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በአውሮፓ በጋ፣ ማለትም በጁላይና በኦገስት አካባቢ፣ ፈልጎ ባቡር ቢያጣ ባቡር የለም ማለት አይደለም፤ አልተከፈተም ማለት ሊሆን ይችላል። በቻይና የባቡር ትኬት በመደበኛው የሚሸጠው ከ15 ቀን በፊት ጀምሮ ነው። ለጨረቃ አዲስ ዓመት የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑን ከወራት በፊት ቢገዛም የባቡሩን የሽያጭ ቀን በማስታወሻ ይዞ መጠበቅ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የዋጋ ማነጻጸሪያ ገጾች ርካሽ መንገድ ለማሳየት ሲሉ እርስ በርስ ውል የሌላቸውን አየር መንገዶች አገጣጥመው ያቀርባሉ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጉዞ ይመስላል። በሕግ ፊት ግን ሁለት የተለያዩ ውሎች ናቸው። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጠ ሁለተኛው አየር መንገድ መንገደኛውን «አልቀረበም» ብሎ ይመዘግበዋል፤ የተከፈለው ገንዘብ ይቃጠላል፤ ደርሶ መልስ ከሆነ መመለሻውም ይሰረዛል። በበዓል ሰሞን ቀጣዩ በረራ ሞልቶ ስለሚገኝ፣ ያን ዕለት የሚገዛው አዲስ ትኬት በመጀመሪያ ከተቆጠበው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። አንድ ትኬት ከሆነ ግን መንገደኛውን እስከ መድረሻው የማድረስ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሌላ በረራ ያሳፍረዋል።

እንዴት ይለያል? የቡኪንግ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ሻጩ ለሁለት ትኬት አንድ የራሱን ቁጥር ሊሰጥ ይችላልና። የሚታየው 13 አሃዝ ያለው የኤሌክትሮኒክ ትኬት ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ትኬቱን ያወጣውን አየር መንገድ ይነግራሉ። ለአንድ ሰው በሁለት የተለያዩ ሦስት አሃዞች የሚጀምሩ ቁጥሮች ከመጡ ትኬቱ ሁለት ነው። አንድ ትኬት የሚይዘው እስከ አራት በረራ ስለሆነ፣ አምስትና ከዚያ በላይ በረራ ያለው ጉዞ ተከታታይ የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ሊኖሩት ይችላል፤ ያ አያሳስብ። ከመክፈል በፊት ደግሞ «ሻንጣዎን ተቀብለው እንደገና ያስረክባሉ» ወይም «ትራንዚቱን ራስዎ ያደርጋሉ» የሚል ጽሑፍ ካለ በትናንሽ ፊደል ቢሆንም ይነበብ። በወኪል የሚገዛ ሰው በቀጥታ ይጠይቅ፦ ሻንጣዬ እስከ መጨረሻው ይሄዳል ወይ? የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛውን የሚያስተካክልልኝ ማነው? መልሱ ከተድበሰበሰ ትኬቱ የተገጣጠመ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

የተገጣጠመ ትኬት ሁልጊዜ መጥፎ ነው አንልም። ሻንጣ የማያስረክብ፣ ወደ መሸጋገሪያው አገር ለመግባት የሚያስችል ቪዛ ያለው ወይም የማያስፈልገው፣ በመካከል አንድ ሌሊት የሚያድር ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። የሆቴሉ ዋጋ ተደምሮም ከአንዱ ትኬት ከረከሰ ያዋጣል። ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ትቶ በበዓል ሰሞን እንዲህ ያለ ጉዞ መግዛት ግን በፍጹም አይመከርም። ሻንጣ መጠበቅ፣ ኢሚግሬሽን፣ ጉምሩክ፣ እንደገና ቼክ ኢን፣ እንደገና ፍተሻ አለ፤ የቼክ ኢን መስኮቱ ደግሞ ለዓለም አቀፍ በረራ ብዙ ጊዜ ከመነሻው 60 ደቂቃ በፊት ይዘጋል።

የትራንዚት ቪዛ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። በአሜሪካ በኩል የሚያልፍ ማንኛውም መንገደኛ፣ ወደ ሌላ አገር የሚቀጥል ቢሆንም፣ ኢሚግሬሽን ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ አብዛኛው የውጭ ዜጋ ቪዛ ወይም የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በሼንገን አገራት (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ባስቀሩት የአውሮፓ አገራት) የአንዳንድ አገር ፓስፖርት ያዢዎች ከአየር ማረፊያው ሳይወጡም የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃሉ። ጉዞው በሁለት የሼንገን ከተሞች የሚያልፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ በፍራንክፈርት ገብቶ በፓሪስ የሚወጣ ከሆነ፣ በመካከላቸው ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ ስለሚቆጠር፣ ወደ ሼንገን ለመግባት ቪዛ ለሚጠየቅ ሰው የመግቢያ ቪዛ ግድ ነው። የአየር ማረፊያውም ስም ይታይ። ለንደን ሂትሮውና ጋትዊክ፣ ፓሪስ ሻርል ደ ጎልና ኦርሊ፣ ቶኪዮ ናሪታና ሃኔዳ በአንድ ከተማ ስም ቢጠሩም የተራራቁ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ወደ አገሩ መግባት ነው። ቪዛ የሌለውን ሰው አየር መንገዱ ከመነሻው አያሳፍረውም፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ሻንጣን በተመለከተ አጭር ነው። የሚነጻጸረው የትኬቱ ዋጋ ሳይሆን ትኬቱና ሻንጣው ተደምረው ነው። በዓል ሲሆን ስጦታ ይጨመራል፤ በአንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች ደግሞ ከወንበር ሥር ከሚገባ ትንሽ ቦርሳ በቀር ሁሉም ይከፈልበታል። ሻንጣ ከትኬቱ ጋር ሲገዛ በአየር ማረፊያ ከሚከፈለው ብዙ ጊዜ ይረክሳል። አንዱ ሻንጣ ከ32 ኪሎ በላይ ከሆነ በአብዛኛው ገንዘብ ቢከፈልበትም አይቀበሉትም፤ ዕቃው ለሁለት ሻንጣ መከፋፈል አለበት።

ከአየር ማረፊያ ወዲያ ያለው ጉዞ በራሱ በጥንቃቄ ይገዛ። ባቡሩ በአየር መንገዱ ትኬት ውስጥ ሊካተት የሚችልባቸው ቦታዎች አሉ፤ ፍራንክፈርትና ሻርል ደ ጎል ምሳሌ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ባቡሩ እንደ አንድ በረራ ይቆጠራል፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይ በሌላ ባቡር ይላካሉ። በተቃራኒው ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደውን ባቡር ትቶ በሌላ መንገድ መምጣት በረራውን ሊያሰርዝ ይችላል። ባቡሩ ለብቻው የሚገዛ ከሆነ አውሮፕላኑ ካረፈ ቢያንስ ሦስት ሰዓት በኋላ ያለውን መምረጥ፣ ወይም በማንኛውም ሰዓት የሚያሳፍረውን መግዛት ነው። የዕለቱ የመጨረሻ ባቡር ወይም አውቶቡስ ላይ ፈጽሞ አይንጠልጠሉ። ብዙ ከተማ የሚጎበኝ ሰው ደግሞ በአንዱ ከተማ ገብቶ በሌላው የሚወጣበትን ዋጋ ይፈልግ፤ ከደርሶ መልስ ብዙም የማይበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ወደ ኋላ የሚመለሰውን የባቡር ወጪም ያስቀራል።

ከተከፈለ በኋላ ሥራው አያልቅም። የትኬት ቁጥር በሰዓታት ውስጥ ካልመጣ ወንበሩ ቢያዝም ትኬቱ ሳይወጣ ሊቀር ስለሚችል ወዲያው ይጠየቅ። ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ለሚደረግ በረራ፣ ከአየር መንገዱ በቀጥታ፣ ከበረራው ቢያንስ ሰባት ቀን በፊት የተገዛ ከሆነ፣ አየር መንገዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝን ወይም ሳይከፈል ወንበር ማስያዝን እንዲፈቅድ ሕጉ ያስገድደዋል፤ የስም ስህተት የሚታረመው በዚያ ሰዓት ነው። በወኪል ለተገዛ ትኬት ይህ ግዴታ የለም። አየር መንገዶች የሰዓት ለውጥ ያደርጋሉ፤ በኢሜይል ሲመጣ «እቀበላለሁ» ከመንካት በፊት አዲሱ ሰዓት ቀጣዩን በረራና ባቡሩን እንደማያስመልጥ ይረጋገጥ፤ ከተቀበሉ በኋላ መከራከር ይከብዳል።

የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው የ2004 ደንብ ቁጥር 261 እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከኅብረቱ አገራት ለሚነሳ ማንኛውም በረራ፣ ወደ ኅብረቱ ለሚመጣ ደግሞ በኅብረቱ አየር መንገድ ሲሆን፣ በአየር መንገዱ ጥፋት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለዘገየ መንገደኛ እንደ ርቀቱ እስከ 600 ዩሮ ካሳ ይሰጣል። መዘግየቱ በአየር ጠባይ ቢሆን ካሳው ይቀራል፤ ምግብና ማደሪያ ግን አይቀርም። ሁሉም በረራዎች በአንድ ቡኪንግ የተያዙ ከሆነ መዘግየቱ የሚለካው በመጨረሻው መድረሻ ነው፤ አንድ ሰዓት የዘገየ የመጀመሪያ በረራ ሁለተኛውን አስመልጦ አሥር ሰዓት ካዘገየ የሚቆጠረው አሥሩ ነው። በተገጣጠመ ትኬት አንዱ ሰዓት ብቻ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ካሳ የለም።

በዚህ አጋጣሚ ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለን። የበዓል ትኬት ማስታወቂያ ስትቀበሉ ዋጋው ስንት ሻንጣ እንደሚጨምር፣ ጉዞው አንድ ትኬት ወይም የተለያየ መሆኑንና ቀን ለመቀየር የሚከፈለውን ቅጣት ከዋጋው አጠገብ፣ በዋጋው እኩል ፊደል እንዲጻፍ ጠይቁ። ይህን መጻፍ የማይፈልግ ሻጭ ካለ፣ ምክንያቱን እናንተ በአንባቢ ስም ብትጠይቁት መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በጉዞ ትኬት ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ