ዋንጫው ይቆየን፤ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ።

ሥራዬ ትንሽ ናት። ተዋናይ ሲናገር ከስክሪኑ ግርጌ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ጽሑፍ አለ አይደል? ሰብታይትል የምንለው። እሱን ነው የምጽፈው፤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። ሥራዬ ሲሳካ ማንም ልብ አይለውም። ሲበላሽ ግን አዳራሹ በሙሉ ያውቃል።

የምጽፍላችሁ ስለ ሽልማት ነው። የመጽሐፍና የፊልም ሰዎች በተገናኙበት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «መንግሥት ለምን ትልቅ ብሔራዊ ሽልማት አያቋቁምልንም?» ይባላል። እናንተም ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም። ጥያቄው ክፋት የለውም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በነበረበት ዘመን ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲሸለሙ ገና 29 ዓመታቸው ነበር፤ በ1966 መሆኑ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አብዛኛው ወሬዬ የፈረንጅ ሽልማት ስለሆነ እንዳንደናገር።) አብዮቱ ሲመጣ ያም ቀረ። ዛሬ ጉማ የፊልም ሽልማትና ሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አሉን፤ ሁለቱንም ያቆሟቸው የግለሰቦች ጥረትና ጽናት ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

እኔ ግን ከጥያቄው ጋር አልስማማም። ለዚህ ዘርፍ የምትመድቡት ብር ካለ፣ ዋንጫው ይቆየን። መጀመሪያ ለተርጓሚ ክፈሉልን።

ለምን እንዲህ እንደምል አንድ ሌሊት ላውራችሁ።

አንድ ወዳጄ ፊልም ሠርቶ ውጭ አገር ፌስቲቫል ሊልክ ነው። ቀነ ገደቡ ነገ ያልቃል። ሰብታይትል እንደሚያስፈልገው ትዝ ያለው ዛሬ ነው። ቡና ይዤ ተቀመጥኩ። ክፍያ የለም፤ ወዳጅነት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት እናት ጋ ደረስኩ። ልጇ ስለ አባቷ ትጠይቃታለች። እናት ዝም አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከዚያ «ሆድ ይፍጀው» አለች። በቃ። ሁለት ሰከንድ አይሞላም።

አሁን ይኼን አምጡት በእንግሊዝኛ። በአንድ መስመር ያለኝ ቦታ 42 ፊደል ገደማ ነው። ተመልካቹ አንብቦ ዓይኑን ወደ ሴትየዋ ፊት መመለስ አለበት፤ ትወናው ያለው እዚያ ነው። «ባልናገር ይሻላል» የሚል ጻፍኩ። ወዳጄ አየውና «ይቺ ሴት እኮ ፍርድ ቤት የቆመች ምስክር መሰለች» አለኝ። እውነቱን ነው። «ያማል» ብዬ ቀየርኩት። አሁን ደግሞ ሐኪም ቤት የሄደች መሰለች። ሊነጋ ሲል ደከመንና የመጀመሪያውን መልሰን አስገብተን ላክነው። ፊልሙ አላለፈም። በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያቺን ሴት የበደልኳት ይመስለኛል።

ለዚያ ሥራ ሁለት ሳምንትና አብሮኝ የሚያነብ አንድ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው ቢኖረኝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በዓለም ላይ ትልልቅ ሽልማት የሚያገኙ ሥራዎች ያላቸው ይኼንን ነው።

ግንቦት 2025 ለንደን ላይ ኢንተርናሽናል ቡከርን፣ ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎመ ልብ ወለድ የሚሰጠውን ሽልማት፣ ያሸነፈችው ባኑ ሙሽታቅ ናት። ሕንዳዊት ናት፤ ጠበቃም ናት፤ 77 ዓመቷ ነበር። የምትጽፈው በካናዳ ቋንቋ ነው። ሰሜን አሜሪካ ያለችውን አገር ማለቴ አይደለም፤ በደቡብ ሕንድ፣ ካርናታካ በሚባለው ግዛት የሚነገር፣ እንደ እኛ የራሱ ፊደል ያለው ቋንቋ ነው። በተሸለመው መጽሐፏ ያሉት አጫጭር ታሪኮች ከ1990 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተጻፉ ናቸው። በቋንቋዋ የሚያነቡ ሰዎች ድሮም ያውቋታል። ሌላው ዓለም ያወቃት ዲፓ ባስቲ የምትባል ተርጓሚ 12 ታሪኮችን መርጣ ወደ እንግሊዝኛ ካመጣቻቸው በኋላ ነው። ሽልማቱ 50 ሺህ ፓውንድ ነው። ለሁለት እኩል ነው የሚካፈለው፤ ግማሹ ለደራሲዋ፣ ግማሹ ለተርጓሚዋ። ይቺን ነገር ሳነብ ተነስቼ ቤት ውስጥ ዞር ዞር ማለቴን አልደብቅም።

ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር አለ። ዲፓ ባስቲ የአገሯን ቃላት አንጋድዳ አልጻፈቻቸውም፤ የግርጌ ማስታወሻም አላስገባችም። አንባቢው ራሱ ይልመዳቸው ብላ ተወቻቸው። ምናልባት እኔም «ሆድ ይፍጀው»ን እንዳለ ብተወው ኖሮ... ይሁን፣ ፊልም ነውና አይሆንም።

ወደ እኛ ልመለስ። ከኢትዮጵያ ወገን በትልልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች ደጃፍ የታዩትን ቁጠሯቸው። መዓዛ መንግሥቴ በ2020 የቡከር የመጨረሻ ስድስት እጩዎች ውስጥ ገብታለች። ዲናው መንግሥቱ በ2007 የእንግሊዙን የጋርዲያን ጋዜጣ የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት ወስዷል። ነጋ መዝለቂያ በ2000 የካናዳን የገቨርነር ጀነራል ሽልማት አግኝቷል (ይቺኛዋ አገሪቷ ናት)። ኮርተንባቸዋል። ሦስቱም የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ የጻፈው ከእነሱ አንሶ ነው? ዳኛው አላነበበውም፤ ሌላ ምክንያት አልታየኝም።

ሀዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ2003 ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በእንግሊዝኛ የወጣው በ2005። ሁለት ዓመት አመለጠን። ኖቤል ደግሞ ለሞተ ሰው አይሰጥም፤ ደንቡ ነው።

ኖቤልን ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለሥነ ጽሑፍ ኖቤል ማን እጩ መጠቆም እንደሚችል ተጽፏል። የቀድሞ ተሸላሚዎች፣ ሽልማቱን የሚሰጠው የስዊድን አካዳሚና መሰል አካዳሚዎች አባላት፣ በዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍና የቋንቋ ፕሮፌሰሮች፣ እንዲሁም አገራቸውን የሚወክሉ የደራስያን ማኅበራት ፕሬዚዳንቶች ይችላሉ። የመጨረሻው ቀን በየዓመቱ ጃንዋሪ 31 ነው። እኛ የደራስያን ማኅበር አለን፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰሮች አሉት። ስለዚህ ብዕርም ወረቀትም አለ። ማን ማንን እንደጠቆመ ለ50 ዓመት ምስጢር ስለሆነ ማን ልኮ ማን እንደተወ አይታወቅም። ግን ቢልኩስ? ስቶክሆልም ያለው ሰውዬ መጽሐፉን በምን ቋንቋ ሊያነበው ነው? ጥቆማው ያለ ትርጉም ፖስታ ብቻ ነው።

ደቡብ ኮሪያዎች ይኼ ገብቷቸዋል። የኮሪያና የእኛ ንጽጽር እንደሚሰለቻችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ሰልችቶኛል። ቃኘውን ላንሳ አልፈለግሁም። ግን እነሱ ሥነ ጽሑፋቸውን የሚያስተረጉም የመንግሥት ተቋም አላቸው። ሥራው ተርጓሚ ማሠልጠን፣ ለተርጓሚና ለአሳታሚ መክፈል ነው። ደራሲዋ ሀን ካንግ በ2016 ኢንተርናሽናል ቡከርን ከተርጓሚዋ ጋር ወሰደች፤ በ2024 ኖቤልን። ከዜናው በኋላ በአገሯ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጽሐፎቿ ተሸጡ። ወደ ውጭ የተከፈለው የትርጉም ብር ዞሮ ዞሮ የአገሯን መጻሕፍት ቤት ሞላ።

በ2025 የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ታተመ። ተርጓሚዎቹ ሁለት ናቸው፤ መስፍን ፈለቀ ይርጉና ዴቪድ ደጉስታ። አማርኛው ከወጣ 42 ዓመት ሆኖታል። ያኔ በ1983 ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ሰው ተደብቆ እየተቀባበለ አነበበው። በዓሉ ግርማ በዓመቱ ከቤት እንደወጣ ቀረ። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ተገኘች። እሱ እስከ ዛሬ የለም።

በዚያው 2025 መጋቢት ላይ ኦስካር ብራዚል ገባ። በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ የመጀመሪያቸው ነው። ፊልሙ በ1971 ወታደሮች ከቤቱ ወስደውት ስለቀረ ሩቤንስ ፓይቫ ስለሚባል የቀድሞ የምክር ቤት አባል፣ ይልቁንም ስለ ሚስቱ ነው። ዜናው የደረሰው በካርኒቫል ሌሊት ነበር፤ ሰዉ መንገድ ላይ ጮኸ። ፊልሙ አገር እያነጋገረ ሳለ፣ ከኦስካሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ የሰውየው የሞት የምስክር ወረቀት ተስተካክሎ ወጣ። መንግሥት በኃይል እንደገደለው የሚገልጽ ሆነ። ከ54 ዓመት በኋላ። ፊልሙ ብቻውን አላደረገውም፤ ቤተሰቡ ዕድሜ ልኩን ታግሏል። ቢሆንም ሰው ሁሉ አይቶት ሲያወራበት ለመሥሪያ ቤቶቹ ዝም ማለት ይከብዳል። «ሽልማት ለባህል ምን ይጠቅማል?» ለሚለኝ ሰው ሌላ መልስ የለኝም። «ሆድ ይፍጀው» ያሉት ነገር ይነገራል።

ኦስካር እንዴት እንደሚገባ ደግሞ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በዚህ ዘርፍ አንድ አገር በዓመት አንድ ፊልም ብቻ ነው የሚልከው። ፊልሙ በሲኒማ ቤት ቢያንስ ለ7 ተከታታይ ቀን መታየት አለበት። የሚመርጠው ኮሚቴ ኦስካርን በሚሰጠው አካዳሚ የታወቀ ሆኖ፣ ቢያንስ ግማሹ ራሳቸው የፊልም ባለሙያ መሆን አለባቸው። እንግሊዝኛ ሰብታይትል ግዴታ ነው። ኢትዮጵያ ለምሳሌ በ2010 «አትሌቱ»ን፣ በ2014 «ድፍረት»ን፣ በ2015 «ላምብ»ን ልካለች። አቅሙ እንዳለን ደግሞ ታይቷል፤ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት ወስዷል። የጎደለን በየዓመቱ ቀኑን አስታውሶ ወረቀቱን የሚያሟላ ሰው ነው።

ወረቀት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የማውቀው ልጅ አጭር ፊልሙ ውጭ ተመረጠለት። ለቪዛ የድጋፍ ደብዳቤ ሊያጽፍ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ። ስሙን አልጠራም። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። በማግስቱም ስብሰባ። ከዚያ «ማኅተሙ ያለበት ሰው ዛሬ የለም»። ደብዳቤው ተፈርሞ እጁ ሲገባ ፌስቲቫሉ ከተዘጋ አራት ቀን ሆኖታል። ደብዳቤውን ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። እንደ ዲፕሎማ።

«ድሃ ነን» እንዳትሉኝ ደግሞ ላትቪያን ልጥቀስ። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም። በነጻ በሚገኝ ብሌንደር በሚባል ሶፍትዌር የተሠራ የድመት አኒሜሽን ፊልም በ2025 የመጀመሪያ ኦስካሯን አመጣላት። ቀደም ሲል ያገኘው ጎልደን ግሎብ የሚባል የአሜሪካ የፊልም ሽልማት ዋና ከተማዋ ሪጋ በሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲቀመጥ ሰው ተሰልፎ አየው። እርግጥ ያ ፊልም አንድም ቃል የለውም። ሁሉም እንደሱ ቢሆን እኔ እንጀራዬን አጣ ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ይኼ ነው። በዓመት አምስት መጽሐፍ የሚያስተረጉም ገንዘብ መድቡ። አማርኛ ብቻ አይሁን። እንደ ኦሮማይ ሁለት ሁለት ሆነው ይሥሩ፤ አንዱ ከምንጩ ቋንቋ፣ አንዱ ከእንግሊዝኛው ወገን። ክፍያው የቤት ኪራይ የሚከፍል ይሁን፤ አለበለዚያ ተርጓሚው ቀን የኤንጂኦ ሪፖርት እየተረጎመ መጽሐፉን ሌሊት ይነካካዋል፤ እሱን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። የሚመርጡት ሰዎች ሲያነቡ የኖሩ ይሁኑ እንጂ በሥልጣን የተወከሉ አይሁኑ። ሳስበው ደግሞ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ሶማሊኛ የሚተረጎምም ይጨመርበት። ለንደን ከመድረሳችን በፊት እርስ በርሳችን አልተነባበብንም።

ለፊልሙ አንድ ጠረጴዛ ይበቃል። ላዩ ላይ የፌስቲቫሎችና የኦስካር ቀነ ገደብ ያለበት ካላንደር፣ ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው፣ ማኅተም። ማኅተሙ ስብሰባ የማይገባ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ለእኔ ምንም አልጠይቅም ብል ዋሽቻለሁ። ያንን ገንዘብ ስትመድቡ አመልካች እሆናለሁ። ተወዳድሬ ብወድቅም ቅር አይለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከስክሪኑ ግርጌ የምጽፈው ሰው

ማስታወሻ፦ ከመካከላችሁ ለ«ሆድ ይፍጀው» ከ42 ፊደል የማይበልጥ እንግሊዝኛ ያለው ካለ በደስታ እቀበላለሁ። ፊልሙ ገና ሌላ ፌስቲቫል ይላካል።