ጣና ያለበትን ፊልም ጣና ዳር ቁጭ ብለን በስልክ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ናችሁ። እናንተ ጋ ስለ ፊልም ሲጻፍ ሁሌ ሰሞኑን ስለተመረቀው ነው፣ እኔ ደሞ ዛሬ ስለ አሮጌዎቹ ልጻፍላችሁ፣ ክረምቱን ማታ ማታ ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ ከጓደኞቼ በፍላሽ እየተቀበልኩ ከቴሌግራምም እያወረድኩ ሳይ የከረምኩት እነሱን ነው።

የጣልያኑ «የብስክሌት ሌቦች»፣ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ በ1948 የሰራው፣ በጣም ነው የያዘኝ። ከጦርነቱ በኋላ ሮም ውስጥ ስራ አጥቶ የከረመ አባወራ ፖስተር የመለጠፍ ስራ ያገኛል፣ ግን ሳይክል ከሌለህ ስራው የለም ይሉታል፣ ሚስትየው የአልጋ አንሶላቸውን ሰብስባ መያዣ ትሰጥና ሳይክሉን ያስለቅቃሉ፣ ከዚያ ስራ በጀመረበት ቀን ሰረቁት። በቃ ታሪኩ ይሄው ነው፣ ቀሪው አባትና ልጅ ሲፈልጉ መዋል ነው። ልጁ ብሩኖ ጠዋት ሳይክሉን እየወለወለ አንድ ቦታ መጎዳቱን አይቶ «ለምን ዝም አልካቸው» ብሎ አባቱን የሚቆጣባት ቦታ አለች፣ ደቂቃም አትሞላ፣ ግን ሳይክሉ ለዚያ ቤት ምን እንደሆነ እዚያ ጋ ነው የገባኝ። እኛ ጋ ቢሆን እናትየው ጎረቤት ጠርታ አስር ደቂቃ ታስረዳን ነበር። ባህር ዳር ባጃጅ ሳይሞላት በፊት ሰዉ ሁሉ በሳይክል ሲሄድ ለሚያስታውስ ሰው ደሞ ፊልሙ የሩቅ አገር ፊልም አይመስለውም፣ አባትየው ራሱ እኮ የተማረ አክተር ሳይሆን የፋብሪካ ሰራተኛ የነበረ ሰው ነው፣ ፊቱን ስታዩት ከኛው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽፍት ጨርሶ የወጣ ነው የሚመስላችሁ።

ከዚያ ወደ አገራችን ተመለስኩና የጋሽ ኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አየሁ። በ1966 ዓ.ም ነው የተቀረጸው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። እውነቱን ልናገር፣ ይከብዳል፣ አንድ ጓደኛዬ ግማሹን ሳያይ ተኝቷል። ገበሬው በሬ ጠምዶ ከሩቅ ሲያርስ ካሜራው ዝም ብሎ ያየዋል፣ አይቸኩልም፣ ባላባቱ ደሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያዝና ሲሳደብ ይውላል፣ መሬቱን የተነጠቀው ከበበ የሚባለው «እብድ» ግን እውነቱን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፣ እሱ ሲመጣ ከመቀመጫዬ ቀና እላለሁ። የገረመኝ ፊልሙን ያሳደሰው አሜሪካዊው ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚ ያቋቋመው የድሮ ፊልም ማዳኛ ፕሮጀክት መሆኑ ነው። የኛን ገበሬ ፊልም ፈረንጅ አቧራውን አራገፈልን ማለት ነው፣ ይመስገኑ፣ እኛስ? በ1957 ዓ.ም የወጣውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን ሙሉውን ብፈልግ ብፈልግ ቁርጥራጭ እንኳን በደንብ የሚታይ አጣሁ።

የዚሁ የጋሽ ኃይሌን «ጤዛ» ደሞ ከዚህ በፊት አይቼው ነበር፣ አሁን ስደግመው ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ጀርመን ያለበት ክፍል ትንሽ እንደተንዛዛ ይሰማኛል፣ ሰው ሁሉ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስል ይከራከራል። ግን አንበርብር አገሩ ገብቶ እናቱ ቤት ሲሆን፣ በተለይ ሐይቁ ዳር ሲወጣ፣ ያ ውሃ እኮ የኛው ጣና ነው! ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ እ.ኤ.አ በ2008 ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት የወሰደ ፊልም፣ በማግስቱ ዓመት ፌስፓኮ በሚባለው ቡርኪና ፋሶ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት የበላ፣ እኔ ጣና ዳር ተቀምጬ በተሰነጠቀ ስልክ ነው የማየው፣ ያውም ኮፒው ደብዝዞ የማታው ትእይንት ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ አይለይም።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ በእናንተ በኩል ለሚመለከተው ይድረስልኝ። የሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የሚያህል አዳራሽ ከተማችን ውስጥ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በወር አንዴ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የድሮ ፊልም፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዶ፣ ጥሩ ኮፒ አምጥቶ ማሳየት ምን ያህል ከባድ ነው? መጀመሪያ በ«ጤዛ» ይጀመር። በነጻ ይሁን አላልኩም፣ ትኬት ይቆረጥ፣ ኳስ በዲሽ ለማየት በየሳምንቱ እየከፈልን አይደል እንዴ።

አንባቢያችሁ፣ ከባህር ዳር