ለመቅደላው ዐውደ ርእይ፤ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

አሁንም ገንዘብ ልንጠይቃችሁ ነው። ሰልችቷችኋል፣ እናውቃለን። እኛም መለመኑ ሰልችቶናል። ግን የአዳራሹ ኮርኒስ ወድቆ ዝም ማለት አልሆነልንም።

ላልሰማችሁ፦ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት በሩን ስንከፍት የኮርኒሱ ግማሽ ወለሉ ላይ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። የዐውደ ርእዩ ሰሌዳዎች ግን ከሥሩ ነበሩ። ከ12ቱ የተረፉት 3 ብቻ ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ ያሉበትን እንደ እንጀራ ተጠቅልሎ፣ ውሃ እያንጠባጠበ አገኘነው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ አባት «ልጆቼ፣ ለመጠጥ ቤት ነው እንዴ የምታስለምኑን?» አሉን። ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። አይደለም አባታችን። ለንደን ውስጥ ሐምስቴድ ያለው «መቅደላ» የተባለው መጠጥ ቤት የራሱ ባለቤት አለው፤ ከእናንተ መዋጮ አንድ ሳንቲም አይደርሰውም። እኛ የምንሠራው ያ ስም ለንደን እንዴት እንደደረሰ የሚናገር ተንቀሳቃሽ ዐውደ ርእይ ነው።

ቤቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሳውዝ ሂል ፓርክ መንገድ ላይ፣ ከሐምስቴድ ሂዝ ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ ነው። እንግሊዞች «ማግደላ» ብለው ስለሚጽፉት አንድ ጎረቤታችን ለ20 ዓመት የመግደላዊት ማርያም መታሰቢያ ይመስለው ነበር! ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር አምባውን ዘርፎ አቃጠለ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወረደ። ናፒየር የመቅደላ ሎርድ ተባለ፤ በእንግሊዝ ከተሞች መጠጥ ቤቶች በስሙ ተጠሩ። የሐምስቴዱ የአምባውን ስም ወሰደ። ከዚያ ዘረፋ የመጡ ታቦታት ዛሬም ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። አባታችን፣ የምንለምነው ለዚህ ነው።

ፈረንጁ ቤቱን የሚያውቀው በሌላ ታሪክ ነው። በፈረንጅ 1955፣ በእነሱ ፋሲካ እሑድ፣ ሩት ኤሊስ የተባለች የ28 ዓመት ሴት ፍቅረኛዋን ዴቪድ ብሌክሊን ደጃፉ ላይ በሽጉጥ ገደለችው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተሰቀለች፤ በብሪታኒያ በሞት የተቀጣች የመጨረሻዋ ሴት ናት። ጎብኚው ዛሬም መጥቶ ግድግዳውን ፎቶ ያነሳል፣ ስለ ሩት ይጠይቃል። ቀና ብሎ ስሙን የሚያነብ ግን ስንቱ ነው? የእኛም ንጉሥ የሞቱት በፋሲካ ሰሞን ነው ስንላቸው ዝም ይላሉ።

በሰሌዳዎቹ ያደረግነውን አትርሱብን። በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተን ሦስት ትምህርት ቤቶች አዙረናቸዋል። በፈረንጅ 2019 ከለንደን ወደ አገሩ ስለተመለሰው የቴዎድሮስ ፀጉር የሚናገረው ሰሌዳ ፊት አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ቆማ፣ የራሷን ሹሩባ ይዛ፣ «ለምን ቆረጧቸው?» ብላ እናቷን ጠየቀች። እናቷ ወደ እኛ ዞረች። እኛም መልስ አልነበረንም።

«የመጀመሪያው ገንዘብ የት ገባ?» ለምትሉ፦ ለኅትመት፣ ለትርጉም፣ ለፎቶ ፈቃድ፣ ለመኪና ኪራይ። ደረሰኙ ሁሉ አለ፤ ቅዳሜ መጥታችሁ ገልብጡት። የኮሚቴው ሻይ እንኳ ከኪሳችን ነው። ከበጀቱ አልፈናል፣ አዎ። ለነገሩ የእንግሊዝ መንግሥትም ያንን የመቅደላ ዘመቻ በ2 ሚሊዮን ፓውንድ እጨርሳለሁ ብሎ ከ8 ሚሊዮን በላይ አውጥቶበታል፤ እኛ እዚያ አልደረስንም። ሰሌዳዎቹን ኢንሹራንስ አለማስገባታችን ግን ጥፋታችን ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ለሚያዝያ 6 ሰሌዳዎቹ መቆም አለባቸው። አታሚው ሥራ የሚጀምረው ግማሹ ሲከፈለው ነው። ሃምሳውን ሎሚ እስካሁን ሰባት ሆነን ተሸክመነዋል፤ ተቀበሉን። 10 ፓውንድ ይበቃል። ግብር የምትከፍሉ ከሆነ የጊፍት ኤይድ ፎርም (መንግሥት ከግብራችሁ ላይ ለመዋጯችሁ የሚጨምርበትን) ሙሉ፤ 10ሩ ከእናንተ ምንም ሳይጨምር 12 ከ50 ይሆናል።

የሒሳብ ቁጥሩ በአባልነት ካርዳችሁ ጀርባ ያለው ነው። አልተቀየረም። ሪፈረንስ የሚለው ቦታ ላይ በላቲን ፊደል «መቅደላ» ብላችሁ ጻፉ፤ ባለፈው ያንን ያልጻፉ ሰዎች ገንዘብ ከዕድር መዋጮ ጋር ተቀላቅሎ ለመለየት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል።

አሁንም እንደግመዋለን፦ ቁጥሩ ካርዱ ጀርባ ያለው ነው፣ ሪፈረንሱ «መቅደላ»። በዋትስአፕ ሌላ ቁጥር ቢላክላችሁ የእኛ አይደለም፤ ከመክፈላችሁ በፊት ገንዘብ ያዧ ጋ ደውሉ። በጥሬ የምትሰጡ ደግሞ እባካችሁ ደረሰኝ ሳትይዙ እንዳትሄዱ።

ኮሚቴው