ጽዋውን እንዳትመልሺ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ፣ ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰላምታውን አላበዛም፤ ያስቸኮለኝ የላክሽው የድምፅ መልእክት ነው። «ከማኅበሩም ከእቁቡም ልወጣ ነው፤ ከሥራና ከሁለት ልጅ ጋር አልቻልኩም፤ ጽዋውን እመልሳለሁ» ያልሽው። በስልክ እንዳልመልስልሽ እኛ ወሬ ስንጀምር ሕፃኑ ይነሳል፣ ወይ እኔ ሥራ ይደርስብኛል። ልጆቹ ሲተኙልሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

አስቀድሜ ገንዘቡን። 400 ዶላር በባንክ በኩል ልኬያለሁ፤ የሚስጥር ቁጥሩን ለብቻው እነግርሻለሁ። 150ው ለእማዬ መድኃኒትና ምርመራ ነው፣ 200ው ለወንድማችን ሠርግ። የቀረው 50 ያንቺ ነው፤ ያንቺ ስል ለአስቤዛ አይደለም፣ የማኅበር ተራሽን አውጪበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ምንዛሪው በየቀኑ ስለሚለዋወጥ፣ ባወጣሽበት ቀን ስንት ብር እንደሆነ ጻፊልኝ። አነሰ ብላችሁ እንዳትቀየሙ፤ እዚህም ትምህርት ቤት የተከፈተበት ወር ነው።

አሁን ወደ ማኅበሩ። የከበደሽ ማኅበሩ አይደለም፣ ድግሱ ነው። 12 ናችሁ፤ በወር አንዷ ብታወጣ ላንቺ የሚደርስሽ በዓመት አንዴ ነው። በዓመት አንድ ቀን ማንንም አይጥልም። የሚጥለው አንዷ ዶሮ ስትሠራ ተከታይዋ በግ፣ ከሷ ቀጥላ ያለችው ደግሞ በጉም ቢራውም ሲያምራት ነው። ተራዋ የደረሰባት «አሞኛል» ማለት ትጀምራለች፣ በዓመቱ ማኅበር የሚባል የለም። ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት ለማኅበሩ መሪ፣ ለሙሴያችሁ፣ ንገሪና ነገሩ በደንብ ይጻፍ፦ ዳቦ፣ ጠላ፣ ሁለት ዓይነት ወጥ፣ ቡና፤ ከዚያ የሚያልፍ የለም። አርፍዳ የመጣች እንደምትቀጣ ከልክ በላይ የደገሰችም ትቀጣ! ሳቂ እንጂ፣ እውነቴን ነው። የማኅበሩ ቀን 21 በሥራ ቀን ከዋለ በሚቀጥለው እሑድ ይሁን። የሚጀመርበትን ሰዓት ሁሉም ይጽፋል፣ የሚያልቅበትን ግን ማንም አይጽፍም፤ ልጅ ያላትን ሴት የሚያስቀራት ደግሞ እሱ ነው። 6 ሰዓት ላይ ጽዋው ለተረኛዋ ይሰጥ፣ መቆየት የፈለገች ትቆይ።

ያንቺ ተራ ሕፃኑ ሳይጠና ከደረሰ ከሌላ ጋር ተለዋወጪ። ነውር የለውም፤ ነውሩ ጽዋውን ቤትሽ ወስደሽ ሳምንት ሲቀረው አልቻልኩም ማለት ነው።

እቁቡን በተመለከተ፣ ዕጣ ከበላሽ እስከ መጨረሻው መክፈል ግድሽ ነው፣ ዋስሽንም አታሳፍሪ። ካልበላሽ ደግሞ መውጣት አያስፈልግሽም፤ እንዳንቺ የጠበባትን አንዲት ሴት ፈልጊና አንዱን ዕጣ ለሁለት ያዙት። ለዳኛውና ለጸሐፊው ግን አስቀድማችሁ ንገሩ፣ የሁለታችሁም ስም መዝገቡ ላይ ይግባ። ዕጣው ሲወጣ «በኔ ስም ነው» የሚል ክርክር የሚመጣው አንድ ስም ብቻ ሲጻፍ ነው።

ጓደኞችሽን ጊዜ ሲተርፈኝ እጠይቃቸዋለሁ ብለሻል። ልጅ ላላት ሴት ጊዜ አይተርፋትም እኮ፤ የማይቀር ጉዳይሽ ላይ ደርቢው። የሕፃኑ ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው፣ ከዚያ 9 ወር ላይ። ጤና ጣቢያ ወረፋው ረጅም እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኩያ ልጅ ያላትን ጓደኛሽን ቀጥሪና በአንድ ቀን ሂዱ፤ ሁለት ሰዓት ብቻሽን ግድግዳ ከማየት ከሷ ጋር ታወሪያለሽ፣ አንዷ ካርድ ስታወጣ ሌላዋ ልጅ ትይዛለች። ገበያም እንደዚያው። ለቅሶ ደግሞ ረጅም ጊዜ እስካገኝ ብለሽ አታቆዪው፤ ከሥራ ስትመለሺ በዚያው ገብተሽ ሩብ ሰዓት ተቀመጪና ተነሺ። ሰው የሚጠፋው ከሰልስት በኋላ ነው፤ ያኔ ሄደሽ ከሐዘንተኛዋ ጋር አንድ ስኒ ቡና ብትጠጪ በቀብሩ ቀን ከቆምሽው ይልቅ ያን ታስታውሳለች።

ከሩቅ ሆኖ መምከር ቀላል ነው ትይኝ ይሆናል። አሜሪካ ተቀምጣ ምን ጎደለባት ይባላል፣ አውቃለሁ። እዚህ ከጎኔ የምትኖር ሴት አለች፤ በር ላይ ሰላም እንባባላለን፣ ስሟን አልጠየቅኋት፣ ስሜን አልጠየቀችኝ። ሁለታችንም ክፉዎች ሆነን አይደለም። ብታመም ማንኳኳት ያለብኝ የሷን በር እንደሆነ እያወቅሁ... ተይው። ለእማዬ ይህን እንዳታነቢላት። የሌሊት ፈረቃውን ራሴ ነኝ የመረጥኩት፣ ቀን ከልጆቼ ጋር እንድሆን። ደህና ነኝ።

ከእቁብ ሴቶቹ ጋር የተቸገሩትን ለመርዳት ስላሰባችሁት የጻፍሽው ደስ ብሎኛል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ አካሄዱን ግን አስተካክሉት። የእቁቡ ሴቶች 10 ናችሁ። በየወሩ ከእቁቡ ጋር 100 ብር ለብቻ ብትጥሉ በወር 1,000፣ በዓመት 12,000 ይሆናል። ለአንዷ የማይሰማት ገንዘብ ነው። በአንዲት ሴት ስም እንዳታስቀምጡት፣ እናቴ ብትሆንም። ሦስት ፈራሚ መርጣችሁ፣ በሁለት ፊርማ የሚወጣ የጋራ ሒሳብ ክፈቱ። ባንኩ ቃለ ጉባኤና የፈራሚዎቹን መታወቂያ ይጠይቃችኋል፤ ፋይዳ ያላወጣች ካለች ከወዲሁ ታውጣ። በየስብሰባው ቀሪው ሒሳብ ጮክ ብሎ ይነበብ። እንዲህ ዓይነት ሣጥን የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በሌባ አይደለም፣ በብድር ነው። አንዷ አባል ይቸግራታል፣ «ለሳምንት» ትላለች፣ ማን እምቢ ይላታል? ሳምንቱ ወር ሲሆን ሌሎቹ መጣል ያቆማሉ፣ እሷም አፍራ ትቀራለች፤ ገንዘቡም ጓደኛችሁም ሄዱ። ለአባል ብድር አይሰጥም ብላችሁ ገና ማንም ሳይቸግረው ጻፉት።

ለተማሪዎች ከሆነ ደብተሩን በነሐሴ ግዙ፤ መስከረም ሲጠባ ይወደዳል። በደርዘን ይገዛ፤ ለአንድ ልጅ አንድ ደርዘን ይበቃል። መጀመሪያ ግን መምህሯን ጠይቁ፣ የጎደለው ጫማ ወይም ዩኒፎርም ሊሆን ይችላል። ዩኒፎርም ካሰፋችሁ ልብስ ሰፊው ከታች አራት ጣት እጥፋት ያስተርፍ፣ ጎን ስፌቱም ላይ ጨርቅ ይተው፤ ልጁ ሲያድግ ይፈታና ሌላ ዓመት ይለበሳል። ልኩ በመምህሯ በኩል ይምጣ፣ ልጆቹን ክፍል ፊት አቁማችሁ አትለኩ። ርክክቡ ከወላጆቻቸው ጋር ይሁን፣ ፎቶ የሚባል ነገር አይኑር። የሚሰጥ አሮጌ ልብስ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ በዕድሜ ተለይቶ ይታሰር። አንቺ የማትለብሺውን ቀዳዳ ሹራብ ማንም አይለብሰውም፤ ያ መስጠት ሳይሆን ቤት ማጽዳት ነው።

ደም እሰጣለሁ ያልሽውን ተይው፣ የምታጠባ እናት አትሰጥም። ባለቤትሽ ግን ጤነኛ ነው፣ ከ45 ኪሎም በላይ ነው (ከዚያ ብዙ በላይ!)፤ በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ስሜን ጠርተሽ ንገሪው።

የእማዬ ነገር። ግፊቷን ስትለኪ አምስት ደቂቃ አርፋ ትቀመጥ፣ ጀርባዋ ይደገፍ፣ እጇ በልቧ ልክ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ስትለካ አታውራ። ቡና ከጠጣች ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በደብተር ጻፊው፣ ሐኪሙ የሚፈልገው ያንን ነው። «ወርዶልኛል» ብላ ኪኒኑን እንዳታቆም፤ የወረደው ስለምትውጠው ነው። ጾም ሲገባ ሰዓቱን ሐኪሙ ያስተካክልላት እንጂ በራሷ አትዝለለው። ጨው ወጡ ውስጥ ብቻ አይደለም፣ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅም ይገባበታል፤ የሷን ለብቻ አስፈጪላት። አንቺ ሥራ የምትውይባቸውን ቀኖች ደግሞ ለማኅበር እህቶቿ ተራ አውጪላቸው፣ ማክሰኞ አንዷ፣ ሐሙስ አንዷ፣ ለቡና ይምጡ። ጠባቂ ነን ሳይሉ ይጠብቋታል። እኔ መሆን የነበረብኝን ቦታ እነሱ ይዘውልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይልኝ።

የወንድማችን ሠርግ! ጥር ሩቅ ይመስላችኋል። በርበሬው እንዲደርቅ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በኅዳር ይገዛ፣ በታኅሣሥ ይፈጭ። ጠጁ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይጣል። አንቺ ሁሉን እኔ ልሥራ እንዳትይ። አንዷን ለእንጀራው፣ አንዷን ለወጡ፣ አንዷን ለመጠጡ ስጪ፤ የጓዳው ቁልፍ ግን በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይደር፣ ቆፍጠን ባለች ሴት እጅ። ቁልፉ ሦስት ሰው ዘንድ ሲሆን ነው ሥጋው የሚጎድለው። ድንኳኑንና ወንበሩን ከእድሩ በጊዜ አስይዙ፣ በጥር ሠርግ ይበዛል። እኔ አልመጣም፤ ፈቃድ አልሞላልኝም፣ ወረቀቴም ገና ነው። ለሱ ለብቻው ነግሬዋለሁ፤ ዝም አለ። ሙሽራዋ ጓደኛ እንደምታበዛ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ያቺን ልጅ ማንም «ባለትዳር ሆነሽ» ብሎ ቤት እንዳይዘጋባት። ሲመርቋቸው ስልኩን ክፈቺልኝ፣ ሥራ ላይ ብሆንም ጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ።

ጥቅምት ሲያልቅ እዚህ ሰዓት ስለሚለወጥ ልዩነታችን ከ7 ወደ 8 ሰዓት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ማታ 2 ሰዓት ስትደውዪ እዚህ እኩለ ቀን ነው፣ ከእንቅልፌ ተነስቻለሁ። ለሙሴዋ የነገርሻትንና የመለሰችልሽን ጻፊልኝ። የእማዬ ኪኒን ማለቂያው ሲቃረብ ሳይሆን ዐሥር ቀን ሲቀረው ይገዛ፤ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል።

እህትሽ